የአስታራቂው ኪስ

ዘይትና ውኃ እንደሁ ጥንትም አይዋደዱ፣
የአንዱ ወደ ላይ ነው፣ የሌላው ታች መንገዱ።
ሽማግሌ መጣ፣ የስብ የልጅ ልጅ፣
አንድ እጁን ለዘይት፣ ለውኃ አንድ እጅ፣
አጨባብጦ አስማማ፤ ጠቡ ሁሉ ረጋ፣
ነጭ ሆነ፣ ለስላሳ፣ ቢያድር የማይናጋ።
ቦዲል ግን ትላለች ሚዛኗን ስትጠርግ፦
«አስታራቂም ቢሆን ኪሱ ይበርበር በወግ።»

ጥር ነው፤ ሌሊት ነው፤ የኦርሁስ ወደብ፤
በካቴጋት ነፋስ መስኮቱ ሲደበደብ
እኔ፣ ለማጁ ኤስበን፣ በሦስተኛ ሳምንቴ፣
ከጉልበቴ ወርዶ ሰፊው ነጭ ካፖርቴ፣
በርሜል እቆጥራለሁ።
ትናንት የፓልም ዘይት፣ ዛሬ የሰም ፍርፋሪ፣
ነገ ዳቦ አለስላሽ፣ አይስክሬም አሳማሪ፣
ከነገ ወዲያ ደግሞ
የሕፃን ወተት ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ኗሪ።

ቦዲል ስታስተምር ጣቷን አትቀስርም፤
ብርጭቆ እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው።
«ከየትኛው ስብ መጣ? ወረቀቱ ይናገር፤
ከአሳማ ነው፣ ከበሬ፣ ወይስ ከፓልም አገር?
በሃይማኖቱ ምክንያት የማይቀምሰው አለ፤
ምንጩን የደበቀ ሰውን አቃለለ።
እርሳስ እንዳይኖረው፣ አርሴኒክ እንዳይኖረው
ሕግ አለ። ሕጉን ማንበብ አይደለም ከባዱ፤
ከባዱ
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ማንም ሳያይ፣ መውደዱ።»

ቆይታም፦ «ዘይቱ በእሳት ሲጣራ
ያልተጠራ እንግዳ ይገባል በጓሮ።
ግሊሲዶል ይባላል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤
የሚያውቀው ይኼ ብቻ ነው» አለች፤
በክርኗ የነካችው መሣሪያ ያንጎራጉራል።

አሥር ተኩል ሲሆን ወረቀቱ ወጣ።
ቁጥሩ ከገደቡ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ በልጧል።

ቶርኪል፣ የፈረቃው አለቃ፣ በረዶ በጫማው እየጎተተ
ገባ። «መኪናው ቆሟል» አለ።
«ጥቂት ናት እኮ፣ ቦዲል፣ ጥቂት ናት።
ለብስኩት ብትሆን ማን ይጠይቅ ነበር?
አንቺው ፈርመሽ የለም ወይ ያለፈው ኅዳር?»

አልተከራከረችም። የምሳ ዕቃዋን ከፈተች፤
ጥቁር የአጃ ዳቦ፣ የኮመጠጠ ዓሣ፣
ቁራጭ አይብ፣ አንድ ፖም፣ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።
«ይኼ የኔ ነው። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍነዋል፤
ነገ ደግሞ ሌላ እበላለሁ።»
ከመደርደሪያ አንድ ባዶ ጣሳ አውርዳ
ብቻውን፣ ራቅ አድርጋ፣ አቆመችው።
«ይኼ የሷ ነው።
ቁርሷም፣ ምሳዋም፣ የሌሊት ለቅሶዋ ማባበያም፤
አራት ወር ያልሞላት ሌላ ሳህን የላትም።
ጥቂት የምትለው፣ ቶርኪል፣ በማን ሆድ ለክተህ ነው?»

መልስ አልሰጠም። ስልኩን አየ።
«ጠዋት ከዋናው ቢሮ ጋር እንነጋገራለን» ብሎ
በሩን ወርውሮ ወጣ።
ተቆጥቶ ይሁን አፍሮ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቀይ ወረቀት ለጠፍን፤ ዐሥራ አንድ በርሜል።
ለሾፌሩ የነገርኩት እኔ ነኝ። ፖላንዳዊ ነው፣ ዝቢግኔቭ፣
መሪው ላይ ተደፍቶ ተኝቶ ነበር። ነቃ።
«የሌሊቴን ማን ይከፍላል?» አለኝ።
ምን ልበለው? ቦዲል የላከችለትን ፖም ሰጠሁት።

ስመለስ አምፖሉን አጥፍታ ቆማለች።
«ኅዳር ላይ ፈርሜያለሁ» አለች ሳልጠይቃት።
«ለብስኩት ነበር። ሕጉ ፈቅዶልኝ ነበር።
እንቅልፌ ነው ያልፈረመልኝ።»

ሲነጋ ከማዕዘኑ ሱቅ ዳቦ ገዛሁ፤
ልስላሴው ጣቴን ዋጠው።
ገልብጬ ጀርባውን አነበብኩ፣ ደቃቁን ጽሕፈት፣
አራት መቶ ሰባ አንድ፣ የሽማግሌውን ቁጥር፤
ኪሱን ማን እንደበረበረው ግን
አልተጻፈም።